ጥር ሳይገባ፦ ለእኩዮቼ የተነገረ ማስጠንቀቂያ

እኩዮቼ! የአገር ሽማግሌዎች፣ የእድር ዳኞች፣ ካህናትና ሼሆች! ዛሬ የምናገረው ለጎረምሳው አይደለም፤ ለሹሙም አይደለም። ለእናንተና ለራሴ ነው። ሽበት ያለውን ሰው መገሠጽ ድፍረት መሆኑን አላጣሁትም። ግን እኛ እርስ በርሳችን ካልተወቃቀስን ማን ይወቅሰናል? ልጆቻችን ያፍሩናል። ምራቶቻችን የሆዳቸውን በሆዳቸው ይዘው፣ ሕፃን አዝለው በአጠገባችን ያልፋሉ።

ባለፈው ኅዳር 12 ቀን ከተማ ልጄ ቤት ነበርኩ። እንደ ልማዱ ደጁ ሁሉ ተጠርጎ ቆሻሻው ሲጤስ ዋለ። ትንሹ የልጅ ልጄ ዓይኑን እያሸ መጣና "አባባ፣ ለምንድን ነው የሚታጠነው?" አለኝ። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር ስለገባው ወረርሽኝ፣ ቀባሪ እስኪታጣ ሰው ስለማለቁ ነገርኩት። "አባባ፣ እርስዎ አይተውታል?" ሲለኝ፣ "እኔ አላየሁትም፤ አያቴ ነው ያየው" አልኩት። ልጁ ወደ ጨዋታው ሮጠ። እኔ ግን ከተቀመጥኩበት መነሳት አቃተኝ። አያቶቻችን ያዩትን በሽታ ይኸው ከ100 ዓመት በኋላም በጭስ እናስታውሰዋለን። እኛ በገዛ ዓይናችን ያየነውን ግን ረስተነዋል።

ያየነውን ላስታውሳችሁ። እናቴ 9 ወልዳ 4 አሳደገች። ከሞቱባት ሦስቱን የወሰደው ኩፍኝ ነው፤ ሦስቱንም በአንድ ወር። በሩ ተጋርዶ፣ ቤቱ ጨልሞ፣ ቡና እየተቆላ፣ ልጆቹ ዓይናቸው ቀልቶ ሳሉ ሲያፍናቸው፣ ኋላም ሲያስቀምጣቸው ከውጭ ሆኜ እሰማ ነበር። ትንሿ እህቴ ሽፍታው ደረቀላት፣ ተሻላት ተባለና ደስ አለን። በሳምንቱ ትንፋሽ አጥሯት ሞተች። በእናንተም ቤት ይህ አልሆነም የሚል ካለ እጁን ያውጣ። በዚያ ዘመን አንድ አባት "ስንት ልጅ አለህ?" ሲባል ኩፍኙ ያልወጣለትን ልጅ ከቁጥር አያስገባም ነበር።

እህቴ ለምን እንደሞተች ዛሬ ሐኪሞች ይነግሩናል። ኩፍኝ ሕፃንን አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው ከኋላው በሚያስከትለው የሳንባ ምችና ተቅማጥ ነው። ቫይታሚን ኤ ያነሰውን፣ ምግብ ያጣውን ልጅ ዓይኑን እስከማጥፋት ይደርሳል። ከዚህ የባሰም አለው፤ የልጁ ሰውነት ከዚህ ቀደም ካለፉበት በሽታዎች የተማረውን መከላከያ ያስረሳዋል። ስለዚህ ከኩፍኝ የተረፈ ልጅ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሌላው በሽታ ሁሉ እንደ አዲስ ያገኘዋል። ተሻላት ያልናት እህቴ ተሽሏት አልነበረም።

አሁን ደግሞ ከዚያ እንዴት እንደወጣን ላስታውሳችሁ። በጥር 1963 ዓ.ም. የተጀመረው የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ እኛ አገር ሲደርስ እኔ የ20 ዓመት ገደማ ጎረምሳ ነበርኩ። ከታቢዎቹ በእግርና በበቅሎ መጡ፤ የያዟት መርፌ ጫፏ መንታ ነበር። አባቶቻችን ልጆቹን ገደል ውስጥ ደበቁ። "ደማችንን ሊወስዱ ነው" ተባለ፤ ጠመንጃ ያወጣም ነበር። ያን ጊዜ አንድ ዓይኑን በፈንጣጣ ያጣ ሽማግሌ ከሰው መሀል ወጣ። ጋቢውን ገልጦ ክንዱን ዘረጋና "እኔን አስቀድሙ" አለ። ከእሱ በኋላ እናቶች ልጆቻቸውን ከገደሉ አወጡ። እኔም ተሰለፍኩ፤ ክንዴ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ቀን ነው።

ዘመኑ የሰላም ዘመን ነበር እንዳትሉኝ። ንጉሡ የወረዱበት፣ አብዮቱ የፈነዳበት፣ በየበረሃው ሽፍታና አማፂ የነበረበት ዘመን ነው። ከታቢዎች ታግተዋል፤ ሄሊኮፕተራቸውም ተይዞ ያውቃል። እንደዚያም ሆኖ በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የታየው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። በዓመቱ በጥቅምት 1970 ዓ.ም. ሶማሊያ ውስጥ በሽታው በተፈጥሮ የያዘው የመጨረሻው ሰው ታየ። በ1972 ዓ.ም. ፈንጣጣ ከምድር ጠፋ ተብሎ ለዓለም ታወጀ። በዚያው ዓመት አገራችን ሕፃናትን ከስድስት በሽታዎች የሚጠብቅ ክትባት ጀመረች፦ ከሳንባ ነቀርሳ፣ ከዘጊ አነዳ፣ ከትክትክ፣ ከመንጋጋ ቆልፍ፣ ከፖሊዮና ከኩፍኝ። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በየቀበሌው ጤና ኬላ ተሠርቶ ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመደቡ። ከልጆቻችን እኩያ የሆኑት እነዚያ ሴቶች የክትባት ሳጥኑን በትከሻቸው አንግበው ሽቅብ ቁልቁል ሲሉ አይተናል። የልጅ መቃብር መቆፈር ቀስ በቀስ ብርቅ ሆነ።

ብርቅ ሆነ እንጂ አላለቀም። ጦርነቱ ሳይመጣ፣ በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት እንኳ ከ1 ዓመት እስከ 2 ዓመት ካሉት ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ ያገኙት ከ100 43ቱ ብቻ ነበሩ። ቤቱ ገና ክዳን ሳይለብስ ነው ዝናቡ የደረሰበት።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲነሳ ጤና ጣቢያ ከጦር ሜዳ አልተለየም። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በመጀመሪያዎቹ ወራት እዚያ ከጎበኟቸው 106 የጤና ተቋማት እንደ ወጉ ይሠሩ የነበሩት 13 በመቶው ብቻ ነበሩ፤ 70 በመቶ ያህሉ ተዘርፈዋል። ቀጥሎ እሳቱ ወደ አፋርና ወደ እኛ ወደ ወሎ ወረደ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ ብለን ዕልል ሳንጨርስ፣ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የእኛ ቀበሌ ጤና ኬላ በዚህ ሁሉ መሀል ሁለት ጊዜ ተዘርፏል። የፀሐይ ኃይል ሰሌዳው ከጣራው ተነቅሏል፤ ፍሪጁ የለም፤ የሕፃናት መዝገቡ ተቀዶ ማቀጣጠያ ሆኗል። ማን እንደወሰደው ዛሬ አልናገርም። ሲወሰድ ቆመን ያየን እኛ መሆናችንን ግን እናገራለሁ።

ብዙዎቻችን ክትባት ሲባል አንዲት መርፌ ትመስለናለች። ልጁ በተወለደ ጊዜ አለ፤ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት አለ፤ በ9ኛው ወር የኩፍኙ፣ በ15ኛው ወር የኩፍኙ ድጋሚ አለ። ለአንድ ሕፃን መንገዱ ቢያንስ 6 ጊዜ ክፍት መሆን አለበት። መድኃኒቱ ደግሞ ከፋብሪካ እስከ ልጁ ጭን ድረስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት። ሙቀት ይገድለዋል፤ አንዳንዱን በረዶ መሆንም ይገድለዋል። በብልቃጡ ላይ በክብ ውስጥ ያለች ትንሽ ነጭ አራት ማዕዘን ምልክት አለች። ሙቀት በነካት ቁጥር ትጠቁራለች፤ ከክቡ ጋር እኩል ከጠቆረች መድኃኒቱ ሞቷል ማለት ነው። እንግዲህ አስቡት። ሳጥኑ በየፍተሻ ኬላው ቆሞ፣ ክዳኑ ለፍተሻ አሥር ጊዜ ተከፍቶ፣ በረዶው ቀልጦ ሲደርስ፣ የጤና ሠራተኛዋ ያንን ምልክት አይታ ታለቅሳለች። እኛ ደግሞ "መጥታ ሳትከትብ ሄደች" ብለን እናማታለን።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. ለ2023 ባወጡት ግምት፣ በዓለም ላይ አንድም ክትባት ያልደረሳቸው ሕፃናት 14.5 ሚሊዮን ነበሩ፤ ከግማሽ የሚበልጡት ጦርነትና ቀውስ ባለባቸው 31 አገሮች ይኖሩ ነበር። የእኛዋ ኢትዮጵያ ብቻ ከ900 ሺህ በላይ ነበሯት፤ ከናይጄሪያና ከህንድ ቀጥላ ሦስተኛ ነበረች። ቁጥሩ ከከበዳችሁ ወደ ቀበሌያችን አምጡት። በዓመት 100 ልጅ ይወለዳል እንበል፤ ግማሹ ክትባት ቢያመልጠው በአራት ዓመት 200 ልጅ ይሆናል። እነዚህ ልጆች አብረው ውኃ ይቀዳሉ፣ አብረው ከብት ይጠብቃሉ፣ ዘንድሮ ወይም ከርሞ አንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ። አንድ የኩፍኝ በሽተኛ ክትባት በሌለበት መንደር ከ12 እስከ 18 ሰው ያስይዛል። ወረርሽኙን ለማቆም ከ100 ልጅ 95ቱ ሁለቱንም ዙር መከተብ አለባቸው። አውድማ ላይ የተከመረ ደረቅ ጭድ አለን፤ የቀረው የክብሪት እንጨት ነው።

ክብሪቱ መቼ እንደሚጫር ደግሞ ገበሬ የሆነ ሁሉ ይወቅ። ኩፍኝ በአገራችን የሚጠናው በበጋ ነው። መኸር ተሰብስቦ፣ ጥር ገብቶ፣ ጥምቀት ሲከበር፣ ሠርግ ሲደገስ፣ ሰው ከየአገሩ ሲገናኝ ነው። ከተፈናቃይ መጠለያ የመጣ ዘመድ፣ ከሳምንታዊ ገበያ የተመለሰ ልጅ ይበቃል። በሽታው አላማጣ ላይ መታወቂያ አይጠየቅም፤ ወልድያ ላይ ተፈትሾ አይመለስም። የትግራይ ልጅ፣ የአፋር ልጅ፣ የእኛ ልጅ ብሎ አይለይም። ስለዚህ እላችኋለሁ፦ ጥር ሳይገባ።

አሁን ወደ ጥፋታችን ልምጣ። በእነዚህ ዓመታት ሽምግልና አልቦዘንም። የታገተ ነጋዴ ለማስለቀቅ ጫካ ወርደናል። የእህል መኪና እንዲያልፍ ለምነናል። ሬሳ ተሰጥቶን እንድንቀብር ከሁለቱም ተዋጊ ወገን ፊት ተንበርክከናል። ለሙታን መንገድ አስከፍተናል፣ እኩዮቼ፤ ለሕፃናት ግን አንድ ቀን መንገድ አልጠየቅንም። የጠየቀ ካለ ይነሳና ይመስክር፤ እኔ ራሴ አልጠየቅሁም።

የጤና ሠራተኛዋ ከዚህኛው ወገን ስትመጣ በዚያኛው "ጆሮ ጠቢ" ተባለች፤ ከዚያኛው ስትመለስ በዚህኛው ተጠየቀች። አንገታችንን ደፍተን አሳለፍነው። ያችን ልጅ ስትወለድ ጀምሮ እናውቃታለን፤ "ዋሷ እኔ ነኝ" ለማለት አንድ አፍ ጠፋ። "ክትባቱ ያመክናል" የሚል ወሬ በለቅሶ ቤት ሲወራም እየሰማን ቡናችንን ጠጣን። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ በሌላው ነገር እውነት ይሆናል። በዚህ ግን ዝምታችን ነቅዟል። የነቀዘውን የሚበሉት ደግሞ ሕፃናት ናቸው።

"ሁለት የተጋጨ ጦር መሀል ገብቶ ቀን መለመን የት ተለምዶ?" የሚል አይጠፋም። ከእኛው ልጀምር። ደም የተቃባ ሰው በገበያ ቀን ደመኛውን አይቶ ፊቱን አዙሮ ሲያልፍ አላየንም? አስታራቂዎቹ አበጋሮቻችን ቃል አስይዘው ስንቱን ደም አላደረቁም? ሩቅ አገርም ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ1985 ኤል ሳልቫዶር ውስጥ መንግሥትና ሸማቂዎች ሲዋጉ፣ የካቶሊክ ጳጳሳትና ዩኒሴፍ መሀል ገብተው ሦስት እሑዶችን የእርጋታ ቀናት አሰኟቸው። በእነዚያ ቀናት ጠመንጃ ዝም ብሎ ሕፃናት ተከተቡ፤ ጦርነቱ እስኪያበቃ በየዓመቱም ተደገመ። እ.ኤ.አ. በ1995 ጎረቤታችን ሱዳን ውስጥ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የጊኒ ትልን ለመከላከል ብለው ያስገኙት የተኩስ ፋታ ወደ 6 ወር ቆየ፤ ሕፃናትም በዚያ መሀል ክትባት አገኙ። ጋዛ ውስጥ ፖሊዮ ለ25 ዓመት ሳይታይ ቆይቶ አንድ የ10 ወር ሕፃን ሽባ ባደረገ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በየሰፈሩ ለተወሰኑ ሰዓታት ተኩስ ቆሞ በመጀመሪያው ዙር ብቻ ከ550 ሺህ በላይ ልጆች ጠብታውን ወሰዱ። ጦርነቶቹ በዚያ ቀን አላለቁም። እርቅ አልወረደም። ልጆቹ ግን ተከተቡ።

እርቁ እስኪወርድ እንጠብቅ የምትሉ፣ ልብ በሉ። ትልቁ እርቅ ይውረድ፤ ለእሱም እንጸልይ፣ ለእሱም እንሩጥ። ግን የ9 ወር ሕፃን እርቁን አይጠብቅም። እርቁ በመጣ ጊዜ እሱ 5 ዓመቱን አልፎ፣ የሚከትበው ዘመቻ ሳያገኘው ይቀራል፤ ወይም ኩፍኙ ቀድሞ ያገኘዋል።

ስለዚህ ሸንጎ ተቀምጠን የምንጠይቀው ትንሽና የተቆጠረ ነገር ይሁን። ለሁለቱም ወገን በአንድ ቃል እንንገር፦ በወር የታወቀ አንድ ቀን፣ የታወቀ አንድ መንገድ፣ የታወቀች አንዲት ሳጥን። ፍተሻ ካስፈለገ አንድ ጊዜ፣ በጥላ ሥር፣ ቶሎ ተፈትሻ ትዘጋ። መሣሪያ የያዘ ሰው ወደ ጤና ኬላው አይጠጋ፤ ሊጠብቅም ቢሆን አይጠጋ፤ ጠመንጃ ያየች እናት ልጇን ይዛ ትመለሳለችና። ሳጥኗን ከእኛ ሁለት ሽማግሌዎች አጅበው ይሂዱ። መኪና ካልተገኘ በቅሎ አለች፤ ፈንጣጣም በበቅሎ ነው የተባረረው።

በየጎጡ ደግሞ ቆጠራ እናድርግ። መዝገቡ ቢቃጠል እናቶች አልተቃጠሉም። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የተወለደውን ልጅ ሁሉ አዋላጆቹና ባልቴቶቹ ያውቁታል፤ አንድ ማንበብ የሚችል ልጅ ይጻፈው። ካርድ የጠፋበት አይመለስ፤ የተከተበ ልጅ ድጋሚ ቢከተብ አይጎዳም፤ ያልተከተበ ቢታለፍ ግን ይጎዳል። የተፈናቃይ ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ ይጻፍ። በቀኑም ልጆቹን በአንድ ሰዓት እንሰብስብ። የኩፍኙ ብልቃጥ አንድ ጊዜ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በላይ አያገለግልም። ለ10 ልጅ የመጣውን ለሁለት ልጅ ከፍተን ስምንቱን መድፋት ግፍ ነው። ይህን ካህኑ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሼሁ ከጁምዓ በኋላ፣ የእድር ጥሩምባ ነፊውም በየጎጡ ይናገር። ጥሩምባችን ለሞት ብቻ ለምን ይነፋል?

ይህ ሥራ አደጋ የለውም አልላችሁም። ለሽምግልና ወጥቶ የተንገላታ፣ የተጠረጠረ፣ ሳይመለስ የቀረም አለ። "ፖለቲካ ውስጥ አትግባ" የሚለኝ ልጄም አለ። ለእሱ የመለስኩለትን ለእናንተም እነግራችኋለሁ፦ ሕፃን መቅበርስ ከምን ውስጥ መግባት ነው? ሳይቃጠል በቅጠል ያሉ አባቶች ቅጠሉን የሚይዘውም እጅ ሊለበለብ እንደሚችል ያውቁ ነበር።

እኩዮቼ፣ እዚህ ከተቀመጥነው አንዳችንን እንኳ ኩፍኝ አይነካንም። በልጅነታችን ይዞን ለቆናል፤ የገደለውን ገድሎ እኛን አሳልፎናል። ክትባቱ ለእኛ አያስፈልገንም። ዝም ያልነውም ስለዚህ ይመስለኛል። ግን ያን አንድ ዓይና ሽማግሌ አስታውሱት። እሱንም ፈንጣጣ ድጋሚ አይነካውም ነበር፤ ዓይኑን ወስዶ ሂሳቡን ዘግቷል። የዚያች መርፌ አንዳች ጥቅም ለእሱ አልነበራትም። ይህን እያወቀ ጋቢውን ገለጠ። እኔ ያን ክንድ ስላየሁ ተሰለፍኩ።

ይኸው ክንዴ። ጠባሳው ደብዝዟል እንጂ አልጠፋም። ሰኞ ማለዳ ወደሁለቱም ወገን የሚሄዱ ሽማግሌዎች ይመረጣሉ። እኔ ስሜን አስይዣለሁ፤ ከጎኔ የሚጻፍ ይነሳ።